አልዲሃይድ፦ ከአረቄ፣ ከማገዶ ጭስና ካረረ ዘይት ወደ ሰውነት የሚገባው መርዝ

አልዲሃይድ የሚለውን ቃል ሰምተውት ላያውቁ ይችላሉ፤ ነገሩን ግን በደንብ ያውቁታል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲነድ ዐይንዎን የሚያቃጥልዎ፣ ምጣድ ላይ የተረሳ ዘይት ሲያርር ጉሮሮዎን የሚይዝዎ፣ አረቄ ባመሹ ማግስት ሆድዎን የሚያገለባብጥዎ ነገር ውስጥ ሁሉ አልዲሃይዶች አሉበት። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ታካሚዎችን የማይ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ብዙ ጊዜ ታካሚዎቼ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ሳል፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት ወይም ስለ እጅ መንቀጥቀጥ ይነግሩኛል፤ ጥቂት ስንጨዋወት ግን የነገሩ ሥር ወይ መለኪያው ላይ ወይ ምድጃው ላይ ይገኛል።

አልዲሃይድ ምንድን ነው?

አልዲሃይዶች ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በተለየ መንገድ የተያያዙባቸው የኬሚካል ቤተሰቦች ናቸው። ሁሉም መርዝ አይደሉም። ቀረፋን ቀረፋ ብሎ የሚያሸተን ንጥረ ነገር ራሱ አልዲሃይድ ነው። በቡና፣ በዳቦና በበሰለ ፍራፍሬም በጥቂቱ ይገኛሉ፤ ሰውነታችንም በየዕለቱ ሥራው ትንሽ ያመርታል። ይህን ትንሹን መጠን ጉበት ያለ ችግር ያስወግደዋል።

ችግሩ የሚመጣው መጠኑ ሲበዛ ነው። በተለይ አሴታልዲሃይድ፣ ፎርማልዲሃይድና አክሮሊን የሚባሉት ሦስቱ ከሚነኩት ነገር ጋር ቶሎ የመጣበቅ ባሕርይ አላቸው። ከሕዋሳት ፕሮቲን ጋር ሲጣበቁ ፕሮቲኑ ሥራውን ያቆማል። ከዘር ቅንጣታችን ከዲኤንኤ ጋር ሲጣበቁ ደግሞ ስሕተት ይፈጥራሉ፤ ስሕተቱ ሳይታረም ሲጠራቀም ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ፎርማልዲሃይድን እ.ኤ.አ. በ2004፣ ከአልኮል መጠጥ ጋር የሚመጣውን አሴታልዲሃይድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

አረቄ ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

የጠላም፣ የጠጅም፣ የቢራም፣ የአረቄም አልኮል አንድ ነው፤ ስሙ ኢታኖል ይባላል። ከጠጡት በኋላ ጉበት በሁለት ደረጃ ያፈርሰዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ኢታኖል ወደ አሴታልዲሃይድ ይለወጣል። በሁለተኛው ደረጃ አሴታልዲሃይዱ ጉዳት ወደሌለው አሴቴት ይቀየራል። ልብ ይበሉ፤ መሃል ላይ ያለው ንጥረ ነገር ከጠጡት አልኮል ይልቅ መርዛማ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ከመጀመሪያው እኩል ካልፈጠነ መርዙ ይጠራቀማል። ፊት መቅላት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት የዚህ ምልክቶች ናቸው።

አንድ ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም አልኮል ነው። ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ሹሮ ፍትፍት ይህን ፍጥነት አይጨምሩትም። አሁን እናስላው። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ 45 በመቶ አልኮል ባለው ዳግም አረቄ ብትሞላ ውስጧ 18 ግራም ገደማ አልኮል አለ። ሦስት መለኪያ ማለት 54 ግራም ነው፤ ጉበት ይህን ለመጨረስ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ይፈልጋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሦስት መለኪያ የጠጣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሰውነቱ አሴታልዲሃይድ ሲያመርትና ሲያስወግድ ያድራል ማለት ነው።

«እኔ ጠላ እንጂ አረቄ አልነካም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጠላ በእርግጥ ቀላል ነው፤ ግን የሚጠጣው በመለኪያ አይደለም። 3 በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ጠላ 12 ግራም ገደማ አልኮል ይይዛል። ማኅበር ወይም ደቦ ላይ አራት ጣሳ የጠጣ ሰው ያገኘው አልኮል ከሁለት መለኪያ ተኩል አረቄ ጋር ይስተካከላል።

ሴቶች በተመሳሳይ መጠን ከወንዶች ይልቅ ይጎዳሉ፤ ሰውነታቸው ውስጥ ያለው ውኃ አነስተኛ ስለሆነ አልኮሉ በደም ውስጥ ይበልጥ ይከማቻል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ አልኮሉም አሴታልዲሃይዱም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋሉ፤ የፅንሱ ጉበት ገና ይህን ለማፍረስ አልደረሰም። ለአራስ «ጠላ ወተት ያመጣል» የሚለው ምክርም ልክ አይደለም። አልኮል ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞን ያዳክማል። ወተት የሚያመጣው ጡት ደጋግሞ ማጥባት፣ በቂ ምግብና ፈሳሽ ነው፤ አጥሚቱም አብሹም ከጠላው ይሻላሉ።

አልኮል ከመዋጡ በፊት አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም ወደ አሴታልዲሃይድ ይለውጡታል። ጥርሱ የተበላሸ፣ ድዱ የታመመ፣ በተለይም የሚያጨስ ሰው አፍ ውስጥ የሚፈጠረው መጠን ከሌላው ይበልጣል። ሲጋራ የሚያጨሱ ጠጪዎች ላይ የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ደረቅ እንጀራ ወይም ሥጋ ሲውጡ እየያዘዎት ከመጣ፣ ከዚያም እያደር ለስላሳ ምግብም ማለፍ ካቃተው «ጨጓራ ነው» ብለው አይቆዩ። ይህ ምልክት በጊዜ የሚታይ ከሆነ ሊረዱበት የሚችሉበት ዕድል አለ።

ስለ ጉበት ብዙ ስለሚባል አላስረዝምም። መጀመሪያ ስብ ይጠራቀምበታል፤ መጠጥ ከቆመ ይህ ይመለሳል። ቀጥሎ ያብጣል፤ በመጨረሻ ይጠጥራል፤ የጠጠረ ጉበት ወደ ነበረበት አይመለስም። ዐይን ቢጫ መሆን፣ ሆድ በውኃ መነፋት፣ ደም ማስታወክ ወይም ሬንጅ የመሰለ ሰገራ ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ከመድኃኒት ጋር

አሜባና ጃርዲያ በአካባቢያችን ስለሚበዛ ሜትሮኒዳዞል ያልወሰደ ሰው ጥቂት ነው። ከእሱ ጋር አልኮል የጠጡ አንዳንድ ሰዎች ላይ ማስመለስና የልብ ምት መፍጠን ስለሚከሰት እየወሰዱ ሳለና ከጨረሱ በኋላ ለ3 ቀን አይጠጡ። የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ከዚህ የከበደ ነው፤ መድኃኒቱ በራሱ ጉበትን ስለሚፈትን አልኮል ሲጨመርበት ጉበት ሊወድቅ ይችላል።

ዳይሰልፊራም የሚባል መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በዴንማርክ ለመጠጥ ሱስ ሕክምና የታወቀ ሲሆን ሥራው ሁለተኛውን የማፍረሻ ደረጃ መዝጋት ነው። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ጥቂት እንኳ ሲጠጣ አሴታልዲሃይድ በደሙ ውስጥ ይሞላል፤ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱ ይወጋዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ለማቆም የወሰነን ሰው ይረዳል። ነገር ግን «ሳያውቅ በወጡ ውስጥ ልጨምርለት» ብለው የሚጠይቁኝ ባለቤቶችና እናቶች አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ግን በፍጹም አያድርጉት። ሳያውቅ የጠጣ ሰው፣ በተለይ የልብ ሕመም ካለው፣ ሊሞት ይችላል።

ሜታኖል፦ ዐይን የሚያጠፋው አልኮል

ይህን ክፍል ለብቻው ያወጣሁት የሚገድል በመሆኑ ነው። ሜታኖል ከኢታኖል ጋር በመልክም በሽታም የሚቀራረብ፣ ለፋብሪካ ሥራ የሚውል አልኮል ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎ ፎርሚክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ የዐይን ነርቭን ያጠፋል፤ ደምንም ያኮመጥጣል።

በእህል፣ በብቅልና በጌሾ የተጠነሰሰ አረቄ ውስጥ ሜታኖል ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። አደጋው የሚመጣው አረቄውን ለማብዛት ወይም ለማክበድ የፋብሪካ አልኮል የጨመረበት ሰው ሲኖር ነው። «የመጀመሪያውን ጠብታ ደፍቻለሁ» የሚሉ አውጪዎች አሉ። ልማዱ መጥፎ አይደለም፤ አሴታልዲሃይድ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚፈላ ቀድሞ ከሚወጣው ጋር ይሰበሰባል። ሜታኖል ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየተንጠባጠበ ስለሚወጣ የመጀመሪያውን መድፋት ብቻውን ከእሱ አያድንም። በመቅመስ፣ በማሽተትም ሆነ በእሳት ነበልባል ቀለም ሜታኖልን መለየት አይቻልም። ከማን እንደሚገዙ የማያውቁትን አረቄ አለመጠጣት ብቻ ነው መፍትሔው።

ምልክቱ ዘግይቶ መምጣቱ ሰውን ያታልላል። ሰውየው እንደማንኛውም ሰካራም ተኝቶ ያድራል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ፣ ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ በፍጥነትና በጥልቀት ይተነፍሳል፤ ከሁሉም በላይ «ዐይኔን ጭጋግ ሸፈነው» ወይም «ነጭ ነጭ ይታየኛል» ይላል። ከጠጡ ማግስት ዐይኑ የደበዘዘበትን ሰው እንደ ተራ ስካር አይመልከቱት። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ያድርሱት፤ አብረውት የጠጡትንም ያስፈልጉ፤ የተረፈውን መጠጥ ይዘው ይምጡ። ሆስፒታል ውስጥ ሜታኖሉ ወደ ፎርማልዲሃይድ እንዳይለወጥ የሚያግድ ሕክምና ይሰጣል፤ ሲጠና ደም በዲያሊሲስ ወደሚታጠብበት ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ይባላል። በሆስፒታል ከሚሰጡት ማገጃዎች አንዱ በልክ የተመጠነ ኢታኖል መሆኑን የሰሙ ሰዎች ቤት ውስጥ አረቄ ሊጨምሩለት ይሞክራሉ። ይህን አያድርጉ፤ ራሱን ያልያዘ ሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ይታፈናል፤ ውድ ሰዓትም ይባክናል።

በአእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በደም ውስጥ ካለው አሴታልዲሃይድ ወደ አንጎል የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አንጎል ራሱ ከአልኮል እዚያው ያመርታል። አልኮሉና አሴታልዲሃይዱ አንድ ላይ የደስታና የመረጋጋት ስሜት የሚቆጣጠሩትን የአንጎል ኬሚካሎች ያናውጣሉ። በጠጡበት ሰዓት ጭንቀት ይቀላል፤ ማግስቱን ግን በእጥፍ ይመለሳል። ጠዋት ላይ ያለ ምክንያት ልብ መምታት፣ መደንገጥ፣ መጨነቅ፣ «የሆነ ክፉ ነገር ሊደርስብኝ ነው» የሚል ስሜት ብዙ ጠጪዎች የሚነግሩኝ ነገር ነው። ከዚያ ለዐይን መግለጫ ብለው አንድ ይጨምራሉ፤ ይረጋጋሉ፤ ቀለበቱ ይዘጋል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት ምክንያት ብዙ ሰው ያየውን አይቷል፤ ያጣውንም አጥቷል። እንቅልፍ አልወስድ ሲል፣ የተኩስ ድምፅ በጆሮ እየመጣ ሲያስቸግር አረቄ ማስተኛቱ እውነት ነው። ግን የሚሰጠው እንቅልፍ ጥልቀት የለውም፤ ሌሊቱ አጋማሽ ላይ ይቀሰቅሳል፤ ቅዠቱንም ያብሰዋል። ድባቴ ያለበት ሰው ሲጠጣ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ወደ ድርጊት የመለወጥ ዕድሉ ይጨምራል። ቤት ውስጥ ፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ጦር መሣሪያ ካለ ከእጁ ያርቁ፤ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም።

ለረጅም ዓመት የጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ በአግባቡ ስለማይበላ ታያሚን የሚባለው ቪታሚን ያልቅበታል። መንገድ ሲሄድ መንገዳገድ፣ ዐይን መወላገድ፣ ግራ መጋባት፣ ኋላም የዛሬን ነገር መርሳትና ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ማውራት ይከተላል። «ደከመኝ፣ ግሉኮስ ስቀሉልኝ» ብለው ክሊኒክ የሚሄዱ ጠጪዎች አሉ። ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ከተሰጠ ይህ የአንጎል ጉዳት ሊባባስ ይችላል። ስለዚህ ለባለሙያው «እጠጣለሁ» ማለት ነውር አይደለም፤ ሕክምናውን ይለውጠዋል።

በጾም መግቢያ የሚወድቁ ሰዎች

በየዓመቱ ሁዳዴ ወይም ፍልሰታ ሲገባ «እስከ ፋሲካ አልቀምስም» ብለው በአንድ ቀን የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። ውሳኔው የሚመሰገን ነው። በየቀኑ ብዙ ለሚጠጣ ሰው ግን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። አንጎሉ አልኮልን ለምዷል፤ ሲቀርበት ይናወጣል።

በመጀመሪያው ቀን እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደ የሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ አንዳንዱ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ቀኑን ከሌሊት አይለይም፣ ግድግዳ ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል። በአንድ የፍልሰታ ሰሞን በቃሬዛ የመጣ ገበሬ ትዝ ይለኛል። ቤተሰቡ መንፈስ ያዘው ብሎ ሁለት ቀን ያለ ምግብና ውኃ አቆይቶታል። ስንጠይቅ ለዓመታት ከእጁ መለኪያ ያልተለየው ሰው ከሦስት ቀን በፊት ምሎ ማቆሙን ነገሩን። በዲያዜፓም፣ በታያሚንና በፈሳሽ በአምስተኛው ቀን ልጆቹን በስም እየጠራ ተቀምጦ በላ። ጠበል አትውሰዱ አልልም፤ እምነት ለሕመምተኛው ብርታት ነው። ግን እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ጠበሉ ከዚያ በኋላም ይደርሳል።

ማቆም ካሰቡ ከጾሙ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች አሉ። ካሁን ቀደም ሲያቆሙ ጥሎዎት የሚያውቅ ከሆነ ተኝተው መታከም ያስፈልግዎታል። ከባድ ምልክት የማይጠበቅበት ሰው ቤቱ ሆኖ በቀን በቀን በሚቀነስ መድኃኒት ሊያቆም ይችላል፤ መድኃኒቱን ግን የሚይዝለት ቤተሰብ ይኑር።

ሰው ሲጥለው ክብሪት እየጫሩ ማሽተት ምንም አይጠቅምም፤ የሚገባው የሚያፍን ጭስ ነው። ቁልፍም ማንኪያም አፉ ውስጥ አይክተቱ። በጎኑ ያስተኙት፣ ከእሳት ያርቁት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ያላሉ። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አምቡላንስ ይጥሩ።

ጭስ፦ የእናቶችና የሕፃናት ድርሻ

ከመጠጥ ርቆ የኖረ ሰውም ከአልዲሃይድ አያመልጥም። እንጨት፣ የበቆሎ አገዳና ኩበት ሳይነዱ ሲጤሱ ፎርማልዲሃይድ፣ አሴታልዲሃይድና አክሮሊን ይለቃሉ። በቡሬና በጃቢ ጠህናን ገጠር ጭስ መውጫ በሌለው ጎጆ ቀን ሙሉ የሚያቃጥሉ እናቶች፣ በጀርባቸው ያዘሉትም ሕፃን፣ ይህን ይተነፍሳሉ። አረቄ የምታወጣ ሴት ደግሞ ድርብ ነው፤ ድፍድፉ እስኪያልቅ ለሰዓታት እሳቱ ሥር ትቀመጣለች፤ የአረቄውም እንፋሎት በዚያው ቤት ነው። እንፋሎቱ እሳት ይይዛልና ማውጫውን ደጅ ወይም በሁለት በኩል አየር በሚገባበት ቦታ ማድረግ ከቃጠሎም ያድናል።

አክሮሊን በሳንባ ቧንቧ ላይ ያሉትን አቧራና አክታ ጠራጊ ፀጉሮች ያዳክማል። ከዚያ አክታው ይጠራቀማል፣ ሳሉ ይለመዳል፣ ሕፃኑ በሳንባ ምች ይደጋገማል። ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ የሃምሳ ዓመት እናት ትንሽ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ካጠራቸው ምድጃቸውን እጠይቃለሁ። ሕፃን ልጅ በፍጥነት ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቃተው በዚያው ቀን ይውሰዱት።

ስለ ዐይን አንድ ነገር ልጨምር። ጭስ ያስለቅሳል፤ ከጭሱ ሲወጡ ግን ይተዋል። ከጭስ ርቆም የሚያሳክክ፣ የሚቆረቁርና የሚያለቅስ ዐይን ትራኮማ ሊሆን ይችላል፤ በክልላችን በሽታው ብዙ ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ዐይንን እየፋቀ ከሆነ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ «የጭስ ነው» ተብሎ ከተተወ ያሳውራል። በነገራችን ላይ በርበሬ ሲታመስ ቤቱን ሁሉ የሚያስነጥሰው በዋናነት የበርበሬው የራሱ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ነው፤ አስም ያለበትን ሰው ግን ያን ቀን ከቤት ያውጡት።

አልዲሃይድ ቢያንስ ያስጠነቅቃል፤ ዐይን አቃጥሎ ከቤት ያስወጣል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቁጣም የለውም። ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም የሆነ ከሰል «ንጹሕ» ይመስላል፤ በር ዘግተው አብረውት ያደሩ ሰዎች የሚሞቱትም በዚህ ነው። ራስ ምታትና መድከም ከተሰማዎ በር ከፍተው ይውጡ።

ምን ይደረግ? ማገዶን አድርቆ ማንደድ ብቻውን ጭሱን በእጅጉ ይቀንሳል። ምርጥና ጎንዚዬ የሚባሉት የተሻሻሉ ምድጃዎች እሳቱን ከልለው ማገዶ ይቆጥባሉ። መብራት ባለበት ከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉም ይሻላል። ይህ ሁሉ ካልተቻለ ግድግዳው ከጣሪያው በሚገናኝበት በኩል ትይዩ ቀዳዳ ይክፈቱ፤ ልጁን ከጀርባ አውርደው ውጭ ለሌላ ሰው ይስጡት።

ያረረና የተደጋገመ ዘይት

ቡሬ የዘይት አገር ሆናለች፤ ትልቁ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው እዚያው ነው። አዲስ ዘይት በልክ ቢበሉት ከአልዲሃይድ አንጻር የሚያሰጋ አይደለም። የሚያሰጋው በተደጋጋሚ የተጠበሰበት ነው። ዘይት ሲጨስ አክሮሊን ይለቃል፤ ደጋግሞ ሲሞቅ ደግሞ ሌሎች አልዲሃይዶች ዘይቱ ውስጥ ተጠራቅመው ወደ ቦምቦሊኖው፣ ወደ ሳምቡሳውና ወደ ድንቹ ይገባሉ። የኑግ ዘይት ለወጥ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የስቡ ዓይነት በኃይለኛ ሙቀት ቶሎ የሚበላሽ ስለሆነ ለረጅም መጥበስ አይመረጥም።

መናኸሪያ አካባቢ ሲበሉ ምጣዱን ይመልከቱ። ዘይቱ ከጠቆረ፣ ከወፈረ፣ አረፋ ከደፈቀ ወይም ገና ሳይግል ከጨሰ ብዙ ቀን አገልግሏል ማለት ነው። ቤትዎ ውስጥ የጠበሱበትን ዘይት አጣርተው አንዴ ሁለቴ ቢጠቀሙበት ችግር የለውም፤ በአዲስ ላይ እየጨመሩ ወር ማቆየት ግን የለብዎትም።

ፎርማሊን

ፎርማሊን በውኃ የተበጠበጠ ፎርማልዲሃይድ ነው። በሕክምና ናሙናና አስከሬን እንዳይበሰብስ ለማድረግ ይውላል። አንዳንድ የፀጉር ማለስለሻዎች ሲሞቁ ይህንኑ ጋዝ ያወጣሉ፤ ከአዲስ የቺፕውድ ዕቃም ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ አየር ለ30 ደቂቃ ከ0.1 ሚሊግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ይመክራል። ፀጉር ቤት የሚሠሩ ከሆነ ማለስለሻ ሲያሞቁ መስኮት ይክፈቱ። ሰው ቢጠጣው አያስመልሱት፤ ሲወርድ ያቃጠለውን ሲወጣ እንደገና ያቃጥላል። ዐይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ያለማቋረጥ ይጠቡ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም።

ሐኪም ዘንድ ሲመጡ

ምርመራው ብዙውን ጊዜ በጥያቄ ይጀምራል። መጠጥ ለመቀነስ አስበው ያውቃሉ? ሰዎች ስለ መጠጥዎ ሲናገሩዎ ይናደዳሉ? በመጠጣትዎ ተጸጽተው ያውቃሉ? ጠዋት ለመነሳት ይጠጣሉ? ከአራቱ ሁለቱን «አዎ» ካሉ ረጋ ብለን መነጋገር አለብን። ሕጉ ከ21 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አልኮል እንዳይሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከልክሏል፤ እኔ ግን ለወጣቶችም ይህንኑ እጠይቃለሁ፤ በገጠር ጠላ በልጅነት ነው የሚጀመረው።

በምን ዕቃ፣ ስንት ጊዜ፣ ከማን እንደሚጠጡ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠጡ ይንገሩን። በየት ቤት እንደሚያበስሉ፣ በምን እንደሚያነዱ፣ ከቤተሰቡ ሌላ የሚያስል ካለም እንዲሁ። ለጭስና ለአልዲሃይድ ብቻ የሚታዘዝ የደም ምርመራ አያስፈልግዎትም፤ የጉበት፣ የደምና የስኳር ምርመራ፣ አንዳንዴም የደረት ራጅ ይበቃል። ቅርብዎ የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ከሆነ እዚያ ይጀምሩ፤ የምግብ ቧንቧን በካሜራ ማየት ወይም ዲያሊሲስ ካስፈለገ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ይጻፍልዎታል። መንገድ በማይኬድበት ቀን ከሆነ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያማክሩ፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ባዶ ብልቃጡንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል አዘጋጅተው ያቆዩ።